ቀለም ቀቢው የሳለው ወንዝ

ባለፈው እትም የሮበርት ዳንካንሰንን አንድ ሥዕል አትመን ነበር። ሥሩ ላይ የጻፍነው ሁለት መስመር ብቻ ነው። አሜሪካዊ እንደሆነ፣ በፊት ቤት ቀቢ እንደነበረ፣ ሥዕል ራሱን በራሱ እንዳስተማረ። ያቺ ሁለት መስመር ይህን ሁሉ ደብዳቤ ትጎትታለች ብዬ አላሰብኩም። አራቱን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እኔ አዳማ የምኖር ቀለም ቀቢ ነኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ሥራ ሲያልቅ ጣሳው ሥር የሚተርፈውን ቀለም ሰብስቤ ኮምፔንሳቶ ላይ ሥዕል እሠራለሁ። ብዙ ጊዜ የምሠራው የቦሰትን ተራራ ነው። አጎቴ "ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው፣ አንተ ግድግዳህን ቀባ" ይለኛል። ያወጣችሁትን ሥዕል አሳየሁት። "ፈረንጅ አገር ነዋ!" አለኝ። ሰውየው በእርግጥ እንደኔ ቀቢ ነበር? ከነበረስ እንዴት እዚያ ደረሰ? እኔስ ሳልማር የትም እደርሳለሁ? (ቀቢው፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አዎ፣ ቀቢ ነበር። ያውም የቀቢ ልጅ።

ዳንካንሰን በ1821 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ፋየት በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። አያቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰው ነበሩ። አባቱ አናጢና ቀለም ቀቢ። ቤተሰቡ ሚሺጋን ውስጥ ሞንሮ የምትባል ከተማ ሄዶ ሰፈረ፤ ልጁም እዚያው የአባቱን ሙያ ለመደ። በ1838፣ ገና 17 ዓመቱ ሳለ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር በከተማዋ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አስነገረ። ማስታወቂያው ስለ ሥዕል እንዳይመስልህ። ቀለም እንቀባለን፣ መስታወት እንገጥማለን ነው የሚለው። ንግዱ ብዙም አልዘለቀ፤ በዓመቱ ተዘጋ። ልጁ ብሩሹን ይዞ ወደ ሲንሲናቲ ሄደ።

ሲንሲናቲ ያለችው ኦሃዮ ወንዝ ዳር ነው። ከወንዙ ወዲህ ባርነት የለም። ከወንዙ ማዶ ኬንታኪ ነው፤ እዚያ ሰው እንደ ከብት ይሸጣል። በጀልባ ብትሻገር ሩቅ አይደለም። የመልክዓ ምድር ሠዓሊያችን የተሠራው እዚህ ድንበር ላይ ነው።

የሥዕል ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። ታዲያ ከየት ለመደው? ከታተመ ሥዕል። መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን፣ በወረቀት እየታተሙ የሚሸጡትን እየገለበጠ እጁን አፍታታ። እንጀራውን ለመብላት የሰው ፊት እየሳለ ከሲንሲናቲ ዲትሮይት ይመላለስ ነበር። በ1842 ሲንሲናቲ ውስጥ ሥዕሎቹ ለሕዝብ ቀረቡ። የገዛ ቤተሰቡ ግን ጥቁር ስለሆኑ ገብተው እንዲያዩ አልተፈቀደላቸውም ይባላል። በ1848 ሜክሲኮ ውስጥ ያለውን የማያ ሕዝብ ፍርስራሽ ሳለ። ሜክሲኮን በዓይኑ አላያትም። የሌላ ሰው ሥዕል በመጽሐፍ ታትሞ አይቶ ነው የሠራው።

እዚህ ላይ "መገልበጥ ስርቆት አይደለም ወይ?" የሚሉ አሉ። ለመማር ሲሆን አይደለም። ዳንካንሰን ስሙ ከወጣ በኋላ እንኳ አላቆመም። በ1852 የቶማስ ኮልን የኤደን ገነት ሥዕል ገልብጦ ሠርቷል። ኮል የዘመኑ የአሜሪካ መልክዓ ምድር ሠዓልያን ሁሉ አውራ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን በራሱ የለመደ ሰው ነበር። እኔም ብሆን መጀመሪያ የገለበጥኩት ሳሎናችን ተሰቅሎ የነበረ የካላንደር ሥዕል ነው። የስዊዘርላንድ ተራራ፣ ከነበረዶው። በረዶ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው የሳለው መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ግን ጥላ ሰማያዊ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በዚያው በ1848 ቻርልስ ኤቨሪ የሚባል ሀብታም ሰባኪ፣ የባርነት ጠላት፣ አንድ ሥራ አዘዘው። ሱፒሪየር ሐይቅ አጠገብ ያለ የመዳብ ማውጫ ሳልልኝ አለው። የሰው ፊት ሲስል የኖረ እጅ ወደ መሬትና ወደ ሰማይ የዞረው ከዚህ ወዲህ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1851፣ ባለፈው እትም ያተምነውን ሥዕል ሠራ። እኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ገና አልነገሡም።

ያን ሥዕል እስቲ ደግመህ እየው። መጽሔቱ ለጠፋባችሁም ልንገራችሁ። ሸራው በወርዱ ከ1 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። የሊትል ማያሚ ወንዝ ተዘርግቶ የቆመበት ቦታ ነው፤ ሰዎቹ "ሰማያዊው ጉድጓድ" ይሉታል። ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ። መሐል ላይ ውሃው ፀጥ ብሏል። ከታች፣ ዳር ላይ፣ ሦስት ሰዎች ዓሣ ያጠምዳሉ። በጣም ትንንሽ ናቸው፤ አንዳንድ ሰው ጨርሶ አያያቸውም። አሁን ሰዎቹን በአውራ ጣትህ ሸፍናቸው። ዛፎቹ ወዲያው ያንሳሉ አይደል? የዛፉን ቁመት የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። ጣትህን አንሳ፤ ዛፎቹ መልሰው ያድጋሉ። አንተም ቦሰትን ስትሥል ተራራው ትልቅ መሆኑን የሚናገር ነገር ያስፈልግሃል። አንዲት አህያ፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የመብራት እንጨት ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። ውሃው ውስጥ ያለው ሰማይ ከላይ ካለው ሰማይ ትንሽ ጠቆር ይላል። ብዙ ጀማሪ ሁለቱን በአንድ ቀለም ያስኬዳቸዋል፤ ከዚያ ውሃው መስታወት ይሆንበታል። ይሄ ሰው ውሃ ዳር ቁጭ ብሎ አይቷል። ይህን ከታተመ ወረቀት አታገኘውም።

አሁን አጎትህ ሊሰሙት የሚገባው ክፍል መጣ። ሲንሲናቲ ውስጥ ኒኮላስ ሎንግወርዝ የሚባል በመሬት ንግድ የከበረ፣ ወይን ጠጅም የሚያመርት ሰው ነበር። ከ1850 አንስቶ የመኖሪያ ቤቱን መግቢያ አዳራሽ እንዲያስጌጥለት ዳንካንሰንን ቀጠረው። ስምንት ትልልቅ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ። አንዱ ብቻ ቁመቱ 3 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ወርዱ 2 ሜትር ገደማ። ሸራ ብቻ የለመደ ሠዓሊ ይህን ግድግዳ ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ዳንካንሰን ግን ግድግዳ ያውቃል! ልስኑ የቱ ጋ ቀለም እንደሚመጥ፣ መሰላል ላይ ሆኖ አንድ ወጥ ሰማይ እንዴት እንደሚቀባ፣ የቱ ጋ ቢያቋርጥ መገናኛው እንደማይታወቅ ያውቃል። ይህን ማንም የሥዕል ትምህርት ቤት አላስተማረውም። ከአባቱ ነው ያገኘው።

በኋላ ባለቤት ሲቀያየር ሥዕሎቹ ላይ የግድግዳ ወረቀት ተለጠፈባቸው። ቤቱ በ1930ዎቹ ታፍት ሙዚየም ሲሆን ወረቀቱ ተላጠ፤ ሥዕሎቹም ወጡ። ዛሬም እዚያው ናቸው። እኔ ወረቀቱን የለጠፈውን ሰው አልረግመውም። ስንት ዓመት ከፀሐይና ከጭስ ከልሎልናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበልልህ። በ1853 ዊሊያም ሶንታግ ከሚባል ሠዓሊ ጋር አውሮፓ ሄደ፤ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ጣሊያንን አየ። በ1861 የሲንሲናቲ ጋዜጣ በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ካሉት የመልክዓ ምድር ሠዓልያን ተወዳዳሪ እንደሌለው ጻፈለት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲከፋ ካናዳ ገባ፤ ሞንትሪያል ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እዚያ ላሉ ወጣት ሠዓልያን መንገድ አሳየ። ወደ እንግሊዝና ስኮትላንድ ተሻግሮ እዚያም ተወደደ። በዚያ ዘመን የሳለው አንድ ትልቅ ሥዕል ዛሬ የስዊድን ንጉሣዊ ቤተሰብ ንብረት ነው።

መጨረሻው ግን ያሳዝናል። በመጨረሻ ዓመታቱ አእምሮው ታወከ። የሞተ ታላቅ ሠዓሊ መንፈስ አድሮብኛል ይል ጀመር። በ1872 ዲትሮይት ውስጥ ሥዕሎቹን ለዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ ወደቀ፤ በዚያው ታህሳስ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። 51 ዓመቱ ነበር። አንዳንድ አጥኚዎች እርሳስ በሚባለው ብረት መመረዝ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። የዚያን ጊዜ ነጭ ቀለም ከእርሳስ ነበር የሚሠራው። እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ በግድግዳውም በሸራውም ሲያቦካው ኖሯል።

ስለዚህ አንተም ተጠንቀቅ። አሁን በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ አለ፤ የድሮ ቤት በርና መስኮት ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ ነው። ያንን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ አፍንጫህን ሸፍን፣ እንጨቱን ውሃ እያስነካህ ፈቅፍቅ፣ ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ። ብሩሽ በአፍህ ማሾል የሚባለውን ነገር ደግሞ እርሳው።

"የትም እደርሳለሁ?" ላልከው፣ የት መድረስ እንደምትፈልግ አልነገርከኝም። ካሁኑ ያለህን ልንገርህ ግን። የምትሥልበትን ገጽ ማዘጋጀት ታውቃለህ። ስቱኮ ታውቃለህ፣ ፍቆ ማለስለስ ታውቃለህ፣ አንደኛ እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛ እንደማይደገም ታውቃለህ። ሥዕል ተምረው የወጡ ልጆች ሥራቸው በሦስት ዓመቱ ሲረግፍ የማየው ይህን ንቀው ነው። ቀለም አይተህ መደባለቅም ታውቃለህ፤ ደንበኛ "የጎረቤቴን ግድግዳ ቀለም አምጣልኝ" ሲልህ ስንቴ አውጥተህለታል?

የሚጎድልህ እርሳስና ወረቀት ነው፤ የመጻፊያውን እርሳስ ማለቴ ነው። ማታ ማታ ሳሎንህ ያለውን ወንበር ሣል፣ ጀበናውን ሣል፣ የተኛውን ወንድምህን ሣል። ቅዳሜ ወደ ቦሰት ሂድና ብሩሽ ሳትይዝ ተራራውን በእርሳስ ብቻ አምጣው። ትርፍራፊ ቀለሙን በተመለከተ ደግሞ፣ ኮምፔንሳቶው ላይ በፕላስቲክ ቀለም ከጀመርክ በፕላስቲክ ጨርስ። በዘይት የተቀባ ላይ ፕላስቲክ አትደርብ፤ እንደሚላጥ ከኔ በላይ ታውቃለህ። ገንዘብ ስታገኝ መጀመሪያ የምትገዛው ሦስት ቱቦ የሠዓሊ ቀለም ነው፦ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ነጩ ብዙ ስለሚፈጅ በትልቁ ያዘው።

አጎትህ ላይ አትኩረፍ። የተሳለ ነገር ከማሳየትህ በፊት የራሳቸውን ቤት በር ቅባላቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ደብረ ሲና ነው የምኖረው። 11ኛ ክፍል ነኝ። ከጣርማ በር ሆኜ ቁልቁል የሚታየውን ሸንተረር ለመሳል ብዙ ሞከርኩ። ሁሉም አንድ ላይ ተለጣፊ ይሆንብኛል። የሩቁ ሩቅ አይመስልም። የገዛሁት አረንጓዴ ቀለም ችግር ይኖርበት ይሆን? (ተማሪ፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ኧረ ምን ዓይነት ቦታ ነው የመረጥሽው! እዚያ ቆሞ ያልተንቀጠቀጠ ሠዓሊ የለም።

አዎ፣ ጥፋተኛው አረንጓዴው ነው። ከቱቦ እንደወጣ የቅርቡንም የሩቁንም ቀብተሽበታል። አሁን ወደዚያው ተመለሺና አንድ ነገር አድርጊ። ዓይንሽን ግማሽ ጨፈን አድርገሽ እዪ። ዝርዝሩ ይጠፋና ድርብርብ ጥላ ብቻ ይቀርልሻል። የመጨረሻው ሸንተረር አረንጓዴ ነው? አይደለም። ወደ ሰማይ የተጠጋ ሐመር ሰማያዊ ነው። በአንቺና በተራራው መሐል ያለው አየር ባዶ አይደለም። ብርሃኑን ይበታትነዋል፣ ይልቁንም ሰማያዊውን። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር በመሐል ያለው አየር ስለሚበዛ ተራራው እየሰማየየ ይሄዳል። አቧራና ጉም ሲጨመርበት ደግሞ ይነጣል። መጋቢት ላይ ማዶው የሚጠፋብሽ፣ መስከረም ላይ ዝናብ ካጠበው በኋላ በእጅ የሚነካ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ሥራውን ከኋላ ጀምሪ። ሰማዩን ቀቢ። ለሰማዩ የበጠበጥሽውን ቀለም አትድፊው፤ ከእሱው ላይ ቆንጥረሽ ለመጨረሻው ሸንተረር መነሻ አድርጊው። ለሚቀጥለው ትንሽ ጨመር፣ ትንሽ ጠቆር። ወደ አንቺ እየመጣሽ ስትሄጂ ቢጫና ቡናማ ይግባበት። ከቱቦ የወጣው አረንጓዴ፣ ካስፈለገሽ፣ እግርሽ ሥር ላለው ቁጥቋጦ ብቻ ይቆይ። እሱም ላይ ቀይ ነገር ጠብ አድርጊበት፤ አለዚያ ይጮሃል።

ጠርዝ የሚባለውም እንዳይረሳ። የቅርቡ ድንጋይ ጠርዙ ስለታም ይሁን። የሩቁን ቀለሙ ሳይደርቅ በደረቅ ብሩሽ ዳበስ አድርጊው። እና እባክሽ የሩቅ ዛፍ ላይ ቅጠል አትቁጠሪ። ዳንካንሰን ቅጠል ሲያሳምር ወደር የለውም፤ የሚያሳምረው ግን ከፊት ለፊት ያለው ዛፍ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ያወጣችሁትን ሥዕል አይታ ስለ ሰውየው ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ጀመረች። ከዚያ "እማዬ፣ ጥቁር ሆኖ በባርነት ዘመን ኖሮ ለምን ዛፍና ወንዝ ብቻ ይሥላል?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁላት። ሥራዎቹንስ እዚህ አካባቢ ማየት ይቻላል? (የአንዲት ልጅ እናት)

መልስ፦ ልጅዎ የጠየቀችው ምሁራን እስከዛሬ የሚከራከሩበትን ነው። ስለዚህ መልስ በማጣትዎ አይፈሩ።

አንዳንዶቹ በየሥዕሉ ውስጥ የተሸሸገ የነፃነት መልእክት አለ ይላሉ። ወንዙ ድንበር ነው፣ ማዶው ነፃ ምድር ነው እያሉ ይፈቱታል። ሌሎቹ ይህ የኛ ምኞት ነው፣ ሰውየው የዘመኑን ገበያ የሚያውቅ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነበር ባይ ናቸው። የገዛ ልጁ ሮይበን እንኳ በዘሩ ነገር ወቅሶታል። በ1871 አባትየው በደብዳቤ የመለሰለት መልስ ቆጣ ያለ ነው፤ እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የቆዳ ቀለም ሳይሆን የምሥልበት ቀለም ነው የሚል።

እኔን ከጠየቁኝ ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሹን ይዟል። ሰውየው ከትግሉ ርቆ አልተቀመጠም። ሲንሲናቲ ውስጥ ጄምስ ፕሬስሊ ቦል በሚባል ጥቁር ፎቶ አንሺ ስቱዲዮ ሠርቷል። ቦል በ1855 የባርነትን ግፍ የሚያሳይ እጅግ ረጅም ጥቅል ሥዕል አሠርቶ በየከተማው ሲያዞር የነበረ ሰው ነው። ሥራ ይሰጡት ከነበሩት ብዙዎቹም የባርነት ተቃዋሚዎች ናቸው። ያም ሆኖ ጥቁር ሠዓሊ ሁሉ ሰንሰለት ብቻ መሳል አለበት የሚለው ሐሳብ አይዋጥልኝም። ነጩ ሠዓሊ ፏፏቴ ሲሥል ማንም ለምን አላለው። ዳንካንሰን ደግሞ ያን ፏፏቴ ከነጮቹ እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጦ ሥሎ፣ በነጭ ሀብታም አዳራሽ ሰቅሎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወጣ። በ1850ዎቹ አሜሪካ ይህ ትንሽ ነገር ነው?

ለልጅዎ ይህን ከማስረዳት ሥዕሉ ፊት ማቆሙ ይሻላል። ዕድለኞች ናችሁ፣ ቅርብ ነው። ዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1859 የሳለው "መልክዓ ምድር ከቀስተ ደመና ጋር" አለው። ጋለሪ ፕሌስ ባቡር ጣቢያ ሲወርዱ አጠገብዎ ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። በ2021 ጆ ባይደን ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን ካፒቶል ውስጥ የቀረበው ሥዕል ይኸው ነው። ሙዚየም ሥዕል ስለሚያቀያይር ከመሄድዎ በፊት መሰቀሉን ድረ ገጻቸው ላይ ይዩ። ናሽናል ጋለሪም በ1848 የሳለው የፍራፍሬና የለውዝ ሥዕል አለው፤ እሱም ነፃ ነው።

ሥዕሉ ፊት ስትቆም ልጅዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ። ቀስተ ደመናው የት ነው የሚያርፈው? አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ከብቶቻቸውን ተከትለው ይሄዳሉ። ልጁ እጁን ዘርግቶ ያሳያታል። ቀስተ ደመናው ወርዶ ያረፈው አንዲት ትንሽ ቤት ላይ ነው። ዓመቱ 1859 ነው። ጦርነቱ ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ለምን ቤቷ ላይ አሳረፈው? እሷ ትመልስልዎት። 12 ዓመት ለዚህ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ደሴ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። 66 ዓመቴ ነው። የጦሳን ተራራ በየቀኑ በመስኮቴ እያየሁ አንድ ቀን እሥለዋለሁ ስል ኖርኩ። አሁን ጊዜው መጣ፤ ግን የኔን ዕድሜ የሚያህል ጀማሪ አለ? ሸራውም ቀለሙም ኪሴን የሚደፍር ሆኖብኛል። (የጡረታ መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ከእርስዎም የሚበልጥ አለ።

አልፍሬድ ዋሊስ እንግሊዝ አገር በ1855 የተወለደ ዓሣ አጥማጅ ነው። በኋላ ሴንት አይቭስ በምትባል የወደብ ከተማ አሮጌ ብረትና ገመድ፣ የተቀደደ ሸራ እየገዛ ይሸጥ ነበር። ሚስቱ በ1922 ሞተችበት። ብቻውን ሲቀር፣ ወደ 70 ዓመቱ ግድም፣ መሳል ጀመረ። ጓደኛ እንዲሆነኝ ነው ይል ነበር። ትምህርት የለ፣ አስተማሪ የለ። የሳለው የሚያውቀውን ነው፤ ባሕሩን፣ መርከቡን፣ የወደቡን ቤቶች። ርቀት፣ መጠን የሚባል ሕግ አልገደደውም። ትልቅ ያደረገው ለእሱ ትልቅ የሆነውን ነው። በ1928 ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ውድ የሚባሉ ወጣት ሠዓልያን በደጁ ሲያልፉ በተከፈተው በር ሥዕሎቹን አዩ። ያዩት ነገር አሳሳላቸውን ቀየረው። እሱ ግን አልከበረበትም፤ በ1942 የሞተው ችግረኞች መጦሪያ ውስጥ ነው። ይህን የምነግርዎ ገንዘብ አገኝበታለሁ ብለው እንዳይጀምሩት ነው፤ ጡረታዎን አይንኩ።

ስለ ወጪው ግን ዋሊስን ይስሙት። ሸራ አልገዛም። ሱቅ የሚጥለውን ካርቶን ቀዶ፣ ቅርጹ እንደተጣመመ፣ እዚያው ላይ ይሥል ነበር። ቀለሙም ለጀልባና ለቤት የሚሆን ቀለም ነው፤ ከጥቂት ዓይነት አያልፍም። እንዲህ የተሠሩት ሥዕሎች ዛሬ ካምብሪጅ፣ ኬትልስ ያርድ በሚባል ቤት ከመቶ በላይ ሆነው ተቀምጠዋል።

እርስዎም ከሰፈር ሱቅ ጠንካራ ካርቶን ይለምኑ። የዘይት ወይም የሳሙና የነበረውን አይውሰዱ፤ ቅባቱ ቀለም አያስይዝም። ነጭ ፕላስቲክ ቀለም በውሃ ቀጠን አድርገው አንድ እጅ ይቀቡት፤ ሲደርቅ ይድገሙት። መቀባት ያለበት ፊቱ ብቻ አይደለም፣ ጀርባውም ጭምር ነው። አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ጦሳን ጨርሰው በማግስቱ ሲነሱ ካርቶኑ ተጠማዞ ያገኙታል።